የምትክ እንጨትን መልክ ከአሮጌ ሰደፍ ጋር ስለ ማመሳሰል

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከታጠቋቸው መሣሪያዎች አንዱ ኤም ዋን ጋራንድ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1928 ዓ.ም. የተቀበለው ይህ ጠመንጃ ከብረቱ ሌላ ሦስት የእንጨት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ብረቱን ከሥር የሚሸከመው ሰደፍና በርሜሉን ከላይ የሚሸፍኑት የኋላና የፊት መከለያዎች ናቸው። (ሰደፍ የሚለው ቃል በተለምዶ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ብቻ ያመለክታል፤ እዚህ ግን ወደ ፊት የሚዘልቀውን ወጥ እንጨት በሙሉ እንጠራበታለን።) መከለያዎቹ በተደጋጋሚ ሲተኮስ የሚግለው በርሜል የተኳሹን እጅ እንዳያቃጥል የተሠሩ ናቸው። ስስ ስለ ሆኑም ከሰደፉ ይልቅ በቀላሉ ይሰነጠቃሉ።

እንግዲህ ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዱ በቤተ መዘክር ተቀምጧል እንበል። የፊት መከለያው ተሰብሮ ጠፍቷል፤ ምትክም ተገኝቶለታል። ይሁን እንጂ ምትኩ ገና ከመላጊያ የወጣ፣ ነጣ ያለ እንጨት ሲሆን አሮጌው ሰደፍ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው። ሁለቱ እንዲሁ ቢገጠሙ የጎብኚው ዓይን የሚያርፈው በጠመንጃው ላይ ሳይሆን በመጋጠሚያው ላይ ይሆናል። ሠራተኛው ምን ያድርግ? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ቡናማ ቀለም ገዝቶ ይቀባው» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን የአሮጌው እንጨት መልክ ከምን እንደ ተገኘ ካለማወቅ የሚመነጭ ነው።

የአሮጌው ሰደፍ መልክ የአንድ ነገር ውጤት አይደለም። መጀመሪያ የእንጨቱ የራሱ ቀለም አለ። ሰደፉ የተሠራበት ዎልነት የተባለው ዛፍ ልቡ ቡናማ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ግን ነጭ ነው። ስለዚህ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ሳንቃዎች እንኳ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። በዚህ ላይ እንጨቱ የጠጣው ዘይት አለ፤ ዘይቱ በዘመን ብዛት እየጠቆረ ይሄዳል። የወታደሩ የእጅ ላብ፣ አቧራውና የመሣሪያው ቅባትም ተጨምረውበታል። ደግሞም በዎልነት ውስጥ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ፣ እርጥበት ባለበት ብረት የሚነካው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ሰደፉን በጥንቃቄ ብትመለከቱ በቀለበቶቹና በብሎኖቹ ዙሪያ ጠቆር ብሎ፣ እጅ አዘውትሮ በሚይዘው ቦታ ደግሞ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ አንድ ወጥ ቀለም ይህን ሁሉ እንዴት ሊተካ ይችላል?

ከሁሉ ይልቅ ሊብራራ የሚገባው የዘይቱ ጉዳይ ነው። ለእነዚህ ሰደፎች ካገለገሉት ዘይቶች አንዱ በአገራችን ከምናውቀው ተልባ የሚጨመቀው ነው። ቅቤ ወይም የወይራ ዘይት እንጨት ላይ ቢቀባ ምንጊዜም እንደ ረጠበ ይቀራል፤ አቧራም ይሰበስባል። የተልባ ዘይት ግን ይደርቃል። ሲደርቅም እንደ ውኃ በመትነን አይደለም፤ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየወሰደ ወደ ጠጣር ነገር ይለወጣል እንጂ። ለውጡ አዝጋሚ ስለ ሆነ አንዱ ቅብ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ የሚደርብ ሰው የሚያጣብቅ እንጨት ይተርፈዋል።

ይህ ለውጥ ሙቀት ያወጣል። በእንጨት ላይ በስሱ የተቀባ ዘይት ሙቀቱን ወዲያው ለአየር ስለሚሰጥ ምንም አያስከትልም። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨብጦ በአንድ ጥግ ከተጣለ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ጨርቁ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ሰደፉ ባያምር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ይህን መዘንጋት ግን ቤትን ከነሰዉ ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ ምትኩ እንመለስ። ሠራተኛው እንጨቱን በውኃ አርሶ ያደርቀዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚቆመውን ፀጉር በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስወግዳል። ቀጥሎ ቀለሙን በአልኮል አቅጥኖ፣ በርሜሉ በሚሸፍነው የውስጥ ገጽ ላይ ይሞክራል። መፍረድ ያለበት ግን ዘይት ካስነካው በኋላ ነው፤ ደረቅ እንጨት ዘይት ሲጠጣ እጅግ ይጠቁራልና። ፍርዱንም በቀን ብርሃን ይስጥ፤ በአምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ቡናማዎች ደጅ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀለሙን ከሚፈለገው አንሶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማጥቆር ይሻላል፤ የበዛ ቀለም በቀላሉ አይነሳም። ምትኩ በርች ከተባለው እንጨት የተሠራ ከሆነ ትዕግሥት የበለጠ ያስፈልጋል፤ በርች ቀለምን በእኩል ስለማይጠጣ ይዥጎረጎራል። ደግሞ ቀለሙ ተመሳስሎ አንጸባራቂነቱ ቢለያይ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ቫርኒሽ እንደ መስታወት ያበራል፤ አሮጌው ሰደፍ ግን ደብዘዝ ያለ ልስላሴ እንጂ እንዲህ ያለ ብልጭታ የለውም።

አንዳንዶች አዲሱን ወደ አሮጌው ማምጣት ሲያቅታቸው፣ አሮጌውን ፍቀው ሁለቱንም እንደ አዲስ ይቀባሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ጥገና ሳይሆን ጥፋት ነው። በሰደፉ ግራ ጎን ላይ የመሣሪያ ተቆጣጣሪው የመታው ማኅተም ሊኖር ይችላል፤ ማኅተሙም ጠመንጃው የት እንደ ተሠራና በማን እንደ ተመረመረ ይናገራል። ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰበት ይጠፋል፤ መልሶ የሚያመጣው ቀለም የለም። አሮጌው ከመጠረግ ያለፈ ነገር አያስፈልገውም።

ማመሳሰሉ ሲያልቅ፣ ሠራተኛው በምትኩ የውስጥ ገጽ ላይ «ምትክ» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍበት። ጎብኚው ጽሑፉን አያየውም። ወደፊት ጠመንጃውን ለምርመራ የሚፈታ ሰው ግን የትኛው እንጨት የቀድሞው፣ የትኛው ኋላ የተጨመረ እንደ ሆነ ከዚያ ያነባል።