በብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚጠበቅ የንግድ መዝገብ

ሦስት ሱቅና አንድ መጋዘን ያለው ነጋዴ ሒሳቡን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ አኑሮ እንደሆነ፣ ያ ሰርቨር በተበላሸ ቀን ሦስቱም ሱቆች በአንድነት ሥራ ይፈታሉ። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ሳለ ስንት እንደ ቀረ አይታወቅም፤ ባለዕዳው በደጅ ቆሞ ሳለ የዱቤው ሒሳብ አይገኝም። ይህን ጉዳት ለመከላከል የተፈጠረው ዘዴ ክላስተር ይባላል፤ ይኸውም ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው አንዱን ዳታቤዝ፣ ማለት የመረጃ ቋት፣ እንዲጠብቁት ማድረግ ነው።

መረጃን በሰንጠረዥ ለይቶ ሰንጠረዦቹን እርስ በርስ የማዛመድን ሐሳብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ያቀረቡት የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ኤድጋር ኮድ ናቸው። የደንበኛው ስም በአንዱ ሰንጠረዥ፣ የገዛው ዕቃ በሌላው ይጻፋል፤ ሁለቱም በደንበኛው ቁጥር ይገናኛሉ። ይህ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቀላል ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን ግን፣ የቀረውን አንድ ጆንያ ስኳር ሁለት ሱቆች ባንድ ጊዜ እንዳይሸጡት ቅጂዎቹ ሁሉ በየሽያጩ መስማማት አለባቸው።

ማሻሻያ በምን መንገድ እንደሚመጣ ለመረዳት ማይኤስኪውኤል ክላስተር መልካም ምሳሌ ነው። መሠረቱ በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ ለስልክ አገልግሎት የተሠራ ሲሆን፣ በ2003 ማይኤስኪውኤል ኩባንያ ገዝቶ በ2004 ለተጠቃሚዎች አቀረበው። በመጀመሪያ መረጃው በሙሉ በራም ውስጥ መቀመጥ ነበረበት፤ ስለዚህ መዝገቡ በሰፋ መጠን ወጪው ይከብድ ነበር። በኋላ ከፊሉን በዲስክ ላይ ማኖር ተቻለ።

በ2012 የወጣው ዕትም ሰንጠረዦችን የማገናኘቱን ሥራ መረጃው ወዳለበት ኮምፒውተር ላከው። ይህም በመጋዘን ያለውን ዕቃ ሁሉ ወደ ሱቅ አስጭኖ ከመቁጠር ይልቅ ቆጣሪውን ወደ መጋዘኑ እንደ መላክ ያለ ነው። በ2013 በደንበኞች ሰንጠረዥ ላይ ላልተመዘገበ ሰው ዱቤ እንዳይጻፍ የሚከለክለው የማዛመጃ ደንብ ተጨመረ። በ2020 በተፈቀደው 8.0 ዕትም ደግሞ መረጃ የሚይዙት ክፍሎች ከፍተኛ ቁጥር ከ48 ወደ 144 አደገ፤ የአንዱ መረጃ ቅጂም ከሁለት እስከ አራት እንዲሆን ተፈቀደ።

ከዚህ እንደሚታየው፣ በ2004 ገዝቶ የማዛመጃውን ደንብ የጠበቀ ነጋዴ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ወደፊት ይመጣል የተባለው ነገር ዛሬ በእጅ እንዳለ ተቆጥሮ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ባለቤቱ ኦራክል ኩባንያ ከ2023 ወዲህ ዕትሞቹን በሁለት ከፍሏል፤ አንደኛው አዳዲስ ሥራ የሚሞከርበት፣ ሁለተኛው በ2024 እንደ ወጣው 8.4 ለረጅም ዘመን የሚጠገንና ጠባዩ የማይለዋወጥ ነው። ለሒሳብ መዝገብ የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። ክላስተር ኮምፒውተር ሲበላሽ ያድናል እንጂ ሰው ሲሳሳት አያድንም፤ ጸሐፊው በስሕተት የሰረዘው ሒሳብ ከቅጂዎቹ ሁሉ ላይ ወዲያው ይሰረዛል። ቅጂዎቹም በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ከተቀመጡ በአንድ አደጋ አብረው ይጠፋሉ።

እንግዲህ ገዢው ሻጩን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ነው፤ ቅጂዎቹ ስንት ናቸው? የት ይቀመጣሉ? አንዱ ሰርቨር ቢጠፋ ሥራው ሳይቋረጥ መቀጠሉን በፊቴ ታሳያለህን? በየቀኑ ለብቻው የሚቀመጠውስ መጠባበቂያ በማን ኃላፊነት ነው? ለእነዚህ በተግባር መልስ የሰጠ ሻጭ ስለ ወደፊቱ ብዙ ከሚናገረው ይበልጥ ሊታመን ይገባል።