ኹሩጅ ሁለት ዓይነት ነው

ከሳዑዲ ዐረቢያ ለዒድ ለምትመጣ እህታችን ይህን ልናስታውስ ወደድን። «ኹሩጅ ወዐውዳ» ወጥቶ ለመመለስ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ መግባት ያስፈልጋል። «ኹሩጅ ኒሃኢ» ግን የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ኢቃማዋ ያበቃል፣ ለመመለስም አዲስ ቪዛ ያሻታል። ከመጋቢት 5 ቀን 2013 ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ኹሩጅ በአብሸር እንዲጠይቁ ተፈቅዷል፤ የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ ማሻሻያ አልተካተቱም። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይነበብላት አትፈርም እንላለን። ቀኑ በሂጅራ ከተጻፈም ታመሳክር፤ የሂጅራ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራልና። እኛም ቤተሰቦች «ቶሎ ነይ» ከማለታችን በፊት «የትኛው ኹሩጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። አላህ በሰላም ያገናኘን።