ቅዠትን በስሌት መፈተን

አንድ ሰው የሚያየው ነገር እውነት ይሁን ቅዠት በምን ያረጋግጣል? ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው «ሶላሪስ» በተሰኘው ሳይንሳዊ ልቦለዱ ጥያቄውን ለስሌት ያቀርበዋል።

ሳይንቲስቱ ክሪስ ኬልቪን በሩቅ ፕላኔት የምርምር ጣቢያ ውስጥ፣ በዚያ ልትገኝ የማትችል ሴት ካየ በኋላ አእምሮውን ይጠራጠራል። ስለዚህ ፕላኔቷን የምትዞረውን ሳተላይት የምህዋሯን ልኬት ይጠይቃል፤ መልሷን ሳያይ አስቀምጦ ያንኑ በኮምፒውተር ያሰላል። የታመመ አእምሮ ሳተላይትን ሊያልም ይችላል፤ እንዲህ ያለ ረቂቅ ስሌት ግን ከራሱ ሊያፈልቅ አይችልም።

ውጤቶቹ እስከ አራተኛው የአስርዮሽ ቤት ተገጣጠሙ፤ ኬልቪን ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ከእንቅልፉ ሲነቃ ግን ከዓመታት በፊት የሞተችው የሕይወት አጋሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አገኛት። ቅዠት ብትሆን ኖሮ መንቃት ይበቃው ነበር።