ያቺ «መግቢያውን ዝለል» የምትል ቁልፍ

እውነት እንነጋገር፤ የተከታታይ ድራማ መግቢያን እስከ መጨረሻው የሚያይ ማነው? እኔ አላይም። ባለፈው ከእናቴ ጋር በስልኬ አንድ የቱርክ ድራማ ስንከፍት እንደ ልማዴ አሳለፍኩት። «ተይው እንጂ!» አለችኝ ከጓዳ። «ያቺን ሙዚቃ ስሰማ ነው የቀኑ ሥራዬ ያለቀልኝ የሚመስለኝ።»

ኋላ ሳስበው እናቴ ልክ ናት። እነዚህ ድራማዎች እኮ «ሶፕ ኦፔራ» የተባሉት አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ሲጀምሩ እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች ስፖንሰር ስላደረጓቸው ነው። ዒላማቸው ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያለች ሴት ነበረች። እጇ ሥራ ይዟል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠራው ጆሮዋን ነው።

እንግሊዞቹ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1960 የጀመረው ኮሮኔሽን ስትሪት መግቢያው ላይ ተዋናዮቹን አያሳይም። ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች፣ ጣሪያ፣ ጭስ ማውጫ፣ ለብዙ ዓመታት ደግሞ አንዲት ድመት። ዜማውን የሚመራው ኮርኔት ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ባንዶች ውስጥ የሚነፋው መሣሪያ። የማንቸስተር ሠራተኛ ይሄን አይቶ «የኔ ሰፈር ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በ1985 የመጣው ኢስትኤንደርስ ደግሞ ምሥራቅ ለንደንን ከሰማይ ቁልቁል ያሳያል፤ የቴምዝ ወንዝ እንደ እባብ ተጠማዞ። የኦሎምፒክ ፓርኩ ሲሠራ ምስሉን በ2012 አደሱት። የሰፈር ልጅ ቤቱን ከካርታው ላይ ይፈልጋላ!

ዳላስ ግን ሰፈር አይሸጥም። ማያው ለሦስት ተከፍሎ ሕንፃ፣ ከብት፣ ነዳጅ፣ የሀብታም ፊት ይደረደራል። ምኞት ነው የሚሸጠው።

በኢኮኖሚክስ ዓይን ካየነው መግቢያ ርካሽ ዕቃ ነው። አልፎ አልፎ ከማደስ በቀር አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ ወጪው ለሁሉም ክፍል ይካፈላል። ኮሮኔሽን ስትሪት በ2020 10,000ኛ ክፍሉን አልፏል፤ አካፍሉት እስቲ።

ኔትፍሊክስ የመዝለያዋን ቁልፍ ያመጣው በ2017 ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ድራማውን ራሴ መርጬ ከከፈትኩት ጠሪ ምን ይሠራልኛል? በዚያ ላይ አምስት ክፍል በተከታታይ እያየሁ ያንኑ ሙዚቃ አምስቴ መስማት ያሰለቻል።

እናቴ ግን በቀን የምታየው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አሁን ድራማ ሲሆን ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት።