ምትሐትና አማን



ያለፈውን ዘመን መልሰው ስለ ፍቅርና ስለ ምሥጢር ከሚተርኩ ፊልሞች ሁሉ የትኛውን እንደማስበልጥ ለሚጠይቁኝ ወዳጆች መልሴ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አንድ ነው፤ ይኸውም ኒል በርገር ጽፎ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የቀረበው «ዘ ኢሉዥኒስት» ነው። ምክሬን ተቀብለው ፊልሙን ያዩት ወዳጆቼ ግን ተመልሰው ሲመጡ፣ አንዱ ከሌላው የተማከረ ይመስል፣ ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ያነሡብኛል፤ «ለመሆኑ ሶፊ ሞታ ነበር ወይስ አልሞተችም? በመጨረሻ ያየነውስ እውነት ነው ወይስ እሱም ምትሐት ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በቃል ስመልስ የቆየሁትን ዛሬ ሰብስቤ በጽሑፍ ላኖረው ወደድሁ፤ መጨረሻውን ሳይገልጡ ስለዚህ ፊልም ቁም ነገር መናገር አይቻልምና፣ ገና ያላያችሁት ንባቡን አቆይታችሁ አስቀድማችሁ ብታዩት ይሻላችኋል።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። ምትሐት የሚለውን ቃል አባቶቻችን ያወረሱን ከሥራይና ከጥንቆላ ለይተው ነው፤ ሥራይ ሰውን የሚጎዳ ክፉ ጥበብ ሲሆን፣ ምትሐት ግን ለዓይን የሚታይ፣ እጅ ቢዘረጉለት የማይጨበጥ ነገር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በሌሊት በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩት ጊዜ ደንግጠው የተናገሩት ይህንኑ ቃል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስተምሩ የቃል ሥጋ መሆን በአማን የተፈጸመ እንጂ ምትሐት እንዳልነበረ አጥብቀው ይናገራሉ። እንግዲህ በአማን ያለውንና በምትሐት የሚታየውን ለይቶ ማወቅ ለእኛ የሃይማኖትም የኑሮም ጥያቄ ሆኖ የኖረ ስለሆነ፣ ስለ ቪየና ከተማ የተሠራ ፊልም ይህንኑ ሲያነሣ ባየሁ ጊዜ እንግዳ አልሆነብኝም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኤድዋርድ የሚባል የአናጢ ልጅ ከመሳፍንት ወገን የሆነችውን ሶፊን በልጅነቱ ይወዳል፤ እርስዋም ትወደዋለች፤ ነገር ግን የትውልድ ደረጃ በዚያ ዘመን የማይዘለል አጥር ነበርና ልጆቹ ከተሸሸጉበት ተይዘው ይለያያሉ። ልጁ አገር ለቆ ብዙ ዓመት ከዞረ በኋላ አይዘንሃይም በሚል ስም ገናና ምትሐተኛ ሆኖ ወደ ቪየና ይመለሳል፤ አንድ ምሽት ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ወደ መድረክ እንዲወጣለት ሲጠይቅም የምትወጣው ሶፊ ትሆናለች፤ እርስዋ ግን አሁን አልጋ ወራሹ ልዑል ሊዮፖልድ ሊያገባት ያሰባት ወይዘሪት ናት። ልዑሉ ቁጡና ጨካኝ ከመሆኑም በላይ አባቱን ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ለማውረድ በምሥጢር ይዶልታል። ብዙ ሳይቆይ ሶፊ ከልዑሉ ጋር ክፉኛ ከተጣላች በኋላ ሬሳዋ በውኃ ውስጥ ተገኘ ይባላል፤ አይዘንሃይምም ሐዘኑን ይዞ አንድ ቴያትር ቤት ይገዛና የሙታንን መንፈስ እየጠራ ለሕዝብ ያሳያል፤ ሕዝቡም በልዑሉ ላይ ይነሣሣል። ይህን ሁሉ የሚተርክልን ዋና ኢንስፔክተር ኡል ነው፤ የልዑሉ ታማኝ አገልጋይ፣ የሥጋ ሻጭ ልጅ፣ ደግሞም በትርፍ ጊዜው ምትሐት ለመማር የሚጣጣር ሰው። አይዘንሃይምን ኤድዋርድ ኖርተን፣ ሶፊን ጄሲካ ቢል፣ ልዑሉን ሩፈስ ሲወል፣ ኢንስፔክተሩን ፖል ጂያማቲ ሆነው ተጫውተዋል፤ ሙዚቃው የፊሊፕ ግላስ ነው።

የታሪኩ ሥር ስቲቨን ሚልሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ጽሑፍ ግን የሶፊ ግድያም ሆነ የግድያው ምርመራ የለም፤ ምትሐተኛው በመጨረሻ በተመልካቹ ዓይን ፊት፣ በመድረኩ ላይ፣ ቀስ በቀስ ተንኖ ይጠፋል። በርገር ለዚያ ረቂቅ ፍጻሜ ሥጋና ደም አለበሰው፤ ሰውየው ስለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄም «ስለ ወደደ» የሚል መልስ ሰጠው።

በፊልሙ አይዘንሃይም ለቪየና ሕዝብ ከሚያሳየው ሁሉ የማይረሳኝ የብርቱካኑ ዛፍ ነው። ከአንዲት ወይዘሮ መሐረብ ተቀብሎ ይሰውራል፤ የብርቱካን ዘር በአፈር ይተክላል፤ ዘሩም ሰው ሁሉ እያየው ይበቅላል፣ ቅጠል ያወጣል፣ ያፈራል፤ በመጨረሻም ሁለት ቢራቢሮዎች የጠፋውን መሐረብ አንጠልጥለው በአየር ላይ ያነሡታል። ይህ የፊልም ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዣን ኢዩጂን ሮበር-ኡዳን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 በፓሪስ፣ በፓሌ ሮያል በከፈተው ቴያትር ያሳየው የነበረ ሥራ ነው። ሮበር-ኡዳን የሰዓት ሠሪ ልጅ፣ ራሱም ሰዓት ሠሪ ነበርና ዛፉን የሚያንቀሳቅሰው የሰዓት ሠሪ ጥበብ ነው፤ አበባው ከተሸሸገበት እየተገፋ ይወጣል፤ ብርቱካኖቹ ደግሞ አስቀድመው በቅርንጫፉ ላይ ተሰክተው በሽፋን ይጋረዱና ሽፋኑ ሲገለጥ ገና አሁን ያፈሩ ይመስላሉ። የዛፉ ነገር ሁሉ የእጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ብርቱካኑ ግን እውነተኛ፣ ተልጦ የሚበላ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ እጅግ ደነቀኝ፤ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲገባ በእጁ ይዞ የሚገባው ምትሐቱን ሳይሆን ፍሬውን ነበርና።

ጥበቡ በማን እጅ እንዳለና ለምን ጉዳይ እንደ ዋለ ግን መጠየቅ ይገባል። ይኸው ሮበር-ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1856 በፈረንሳይ መንግሥት ተልኮ ወደ አልጄሪያ ሄደ፤ አገሬው የሚያከብራቸውን የሃይማኖት ሰዎች ዝና አሳንሶ የፈረንሳይን ኀይል ያገን ዘንድ። በመድረክ ላይ ያቀረባትን አንዲት ሣጥን መጀመሪያ ማንም በቀላሉ ያነሣታል፤ ኋላ ግን ብርቱ ጎልማሳ ቢታገላት ንቅንቅ አትልም፤ ከሥርዋ የተሸሸገው የኤሌክትሪክ ማግኔት የሣጥንዋን ብረት አጥብቆ ይዞ ነበርና፣ ጎልማሳው ጉልበቱ በተአምር የተወሰደበት መስሎት በወገኖቹ ፊት ያፍራል። አሁን ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ፣ አይዘንሃይም በቤተ መንግሥት የልዑሉን ሰይፍ በጫፉ ወለሉ ላይ አቁሞ ማንም እንዳያነሣው የሚያደርግበትን ምሽት ልብ በሉ። ልዑሉ በመኳንንቱ ፊት እየታገለ ፊቱ ሲለዋወጥ፣ በአልጄሪያ ገዢው ተገዢውን ያዋረደበት ምትሐት በዚህ ተገልብጦ የአናጢው ልጅ አልጋ ወራሹን ሲያሳፍርበት ታያላችሁ።

አልጋ ወራሽ ካልሁ ዘንድ አንድ የቤቴን ነገር ልጨምር። በአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ጠርዙን ብል የበላው አሮጌ ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ በደቡብ ጫፉ ሁለት ሐይቆች «ሩዶልፍ» እና «እስቴፋኒ» ተብለው ተጽፈውበት፣ እኔም በልጅነቴ እነዚህ ስሞች የየትኛው ብሔረሰብ ቃል ይሆኑ እያልሁ ዳርቻቸውን በጣቴ እከተል ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ስሞቹ የመጡት ከዚያው ከቪየና ነው፤ ቴሌኪ የተባለው የሀንጋሪ ባላባትና ባልንጀራው ፎን ሆነል እ.ኤ.አ. በ1888 እዚያ ደርሰው ትልቁን ሐይቅ በኦስትሪያና ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ፣ ትንሹን በሚስቱ በእስቴፋኒ ስም ጠሩት፤ ዛሬ አንደኛውን ቱርካና፣ ሁለተኛውን ጨው ባሕር እንላቸዋለን። ስሙ በሐይቁ ላይ ከወጣ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1889፣ ሩዶልፍ በማየርሊንግ የአደን ቤቱ ውስጥ ከ17 ዓመቷ ባሮነስ ማሪ ቬትሴራ ጋር ሞቶ ተገኘ። ሩዶልፍ በአሳቡ ለነጻነት የሚያደላ ሰው ስለ ነበር በጠባይ ሊዮፖልድን አይመስልም፤ ነገር ግን በአደን ቤት የጠፋው የፍቅርና የሞት ምሥጢር ለፊልሙ መነሻ እንደ ሆነው ግልጥ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የልጅቱ ነገር ነው፤ ወሬው እንዳይወጣ ሲሉ ሬሳዋን ልብስ አልብሰው፣ በሕይወት ያለች አስመስለው በሠረገላ ላይ አስቀምጠው፣ በጨለማ ወደ ሃይሊገንክሮይትስ ወስደው በጥድፊያ ቀበሩአት። በፊልሙ በሕይወት ያለችው ሴት የሞተች ትመስላለች፤ በታሪክ ግን የሞተችይቱን በሕይወት ያለች አስመሰሉአት። አንዱ ምትሐት ሴቲቱን ነጻ ለማውጣት የተደረገ ነው፤ ሌላው የቤተ መንግሥትን ስም ለማዳን ነው። የመድረኩ ምትሐተኛ መጋረጃ ከፍቶ «አሳያችኋለሁ» ብሎ አስታውቆ ያታልላል፤ የቤተ መንግሥት ምትሐት ግን መጋረጃ የለውም፤ ራሱን እውነት ብሎ ይጠራል።

ስለ ሥዕሉ ውበትም ጥቂት ልበል። ፊልሙ የተነሣው በቪየና ሳይሆን በቼክ ሪፐብሊክ ነው፤ የልዑሉ ቤት ሆኖ የሚታየው የኮኖፒሽቴ ግንብም ከሩዶልፍ በኋላ አልጋ ወራሽ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1914 በሳራዬቮ የተገደለው የፍራንዝ ፈርዲናንድ መኖሪያ ነበር። በዚህ ሥራው ለኦስካር የታጨው የካሜራ ባለሙያ ዲክ ፖፕ ምስሉን ወርቅማ ያደረገውና ዳር ዳሩን ያጨለመው፣ የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1907 ለገበያ ያወጡትን፣ ቀለም በተነከረ የድንች ስታርች ቅንጣት የሚሠራውን የጥንት ባለቀለም ፎቶግራፍ እንዲመስል ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ሲኒማ ራሱ በምትሐተኞች ቤት ያደገ ልጅ ነውና፤ የሮበር-ኡዳንን ቴያትር እ.ኤ.አ. በ1888 የገዛው ዦርዥ ሜልየስ፣ የሉሚየሮችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ካየ በኋላ በዚያው ቤት ፊልም ማሳየት ጀምሯል። ጉድለት ፈልግ የሚለኝ ካለ፣ በተመልካች መካከል የሚራመደውን መንፈስ እጠቅስለታለሁ፤ በዚያ ዘመን ፔፐር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1862 በለንደን ባሳየው ጥበብ፣ ከመድረኩ በታች የተሸሸገ ሰው ብርሃን ሲበራበት ምስሉ በዘነበለ ትልቅ መስታወት ላይ እያረፈ መንፈስ ይመስል ነበር እንጂ፣ መስታወቱን ትቶ በሕዝብ መካከል ሊመላለስ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በፊልሙ ፍጻሜ ኡል በባቡር ጣቢያ ቆሞ ባቡሩ ሲያመልጠው፣ ሶፊ ልዑሉን በመድኃኒት እንዳደነዘዘችው፣ ሞቷም አስቀድሞ የታቀደ እንደ ነበረ የሚያሳዩ ሥዕሎች በፊታችን ያልፋሉ። እነዚህ ሥዕሎች በኡል ኅሊና ውስጥ የተገጣጠሙ ናቸው፤ ሲደረግ ቆሞ ያየ ምስክር የለባቸውም። ታዲያ ለምን እናምናቸዋለን? እኔ የማምናቸው ምትሐተኛው ገና በመጀመሪያው ምሽት ምሥጢሩን ስለ ነገረን ነው። ሶፊ ወደ መድረክ ወጥታ በመስታወት ፊት በቆመች ጊዜ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ምስልዋ ተወግቶ ሲወድቅ እርስዋ በደኅና ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ ውኃውም ሬሳውም ለቅሶውም፣ የዚያው የአንድ ትርኢት ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ መድረኩ ከተማው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የኡል አሳብ እውነት ከሆነ፣ ሊዮፖልድ ባላደረገው ግድያ ተከሷል ማለት ነው፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ በየትኛውም ሕግ ኃጢአት ነው። ለብዙ ጊዜ ይህ ሐሳብ ደስታዬን ሲያደፈርስብኝ ኖሯል። ልዑሉን በመጨረሻ ሽጉጥ ወደ ራሱ እንዲያዞር ያደረገው ግን ራሱ በአባቱ ላይ የዶለተውን ሤራ ኡል ለጦር አለቆቹ መግለጡ ነው፤ ያ ወንጀል ምትሐት አልነበረም፤ በአማን የተደረገ ነበር። ቢሆንም ይህ አይዘንሃይምን ፈጽሞ ያነጻዋል አልልም። መጋረጃውን አልፎ ምትሐቱን ወደ ሰው ሕይወት ያስገባ ሰው፣ ምክንያቱ ፍቅር ቢሆን እንኳ፣ ዕዳ አለበት፤ ፊልሙን የምወደው ይህን ዕዳ በተመልካቹ ኅሊና ላይ ትቶት ስለሚሄድ ነው።

የሁሉ ነገር መፍቻ ሆና የቀረችልኝ ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት። ኤድዋርድ በልጅነቱ ለሶፊ ከእንጨት ቀርጾ የሰጣት የአንገት ጌጥ፣ ለማያውቃት ሰው ተራ የእንጨት ቁራጭ ትመስላለች፤ ቢያገላብጣትም አትከፈትለትም፤ የሚያውቃት ሰው ግን ክፍሎችዋን በጣቱ ሲያዞራቸው የልብ ቅርጽ ትሆናለች፤ ከውስጧም የልጁ ፎቶግራፍ ይገለጣል። በዚህች ማኅደር ውስጥ መስታወት የለም፤ ጢስ የለም፤ የአናጢ ልጅ እጅ፣ ስለትና ትዕግሥት ብቻ ነው ያሉት። ኡል ለምርመራው ሲል ጌጧን በኪሱ ይዟት ሳለ፣ ጢም አጥልቆ መልኩን የለወጠ ሰው በመንገድ ገፋ አድርጎት ያልፋል፤ ኪሱን ሲዳስስ ጌጧ የለችም፤ በምትኩ አንድ ልጅ ያመጣለት፣ ሲመኘው የኖረው የብርቱካኑ ዛፍ ንድፍ በእጁ አለ። ከዚህ በኋላ ነው እየሮጠ ጣቢያው የሚደርሰው፤ የተሸነፈ መርማሪ ሊቆጣ በሚገባው ቦታም ደስ ብሎት የሚስቀው።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ ሶፊ በሕይወት አለች ብዬ የምመልስላችሁ ያለፉትን ሥዕሎች አምኜ ብቻ አይደለም። ሙሉ ምሽት በዓይናችን ካየነው ሁሉ በእጅ የሚጨበጠው ያ የእንጨት ጌጥ ነበር፤ እሱም ከመንግሥት ኪስ ወጥቶ ወደ ሠሪው እጅ ተመልሷል።