ላሊበላ ለመድረስ የሚታለፍ አገር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመኪና ላሊበላ የሚገባ መንገደኛ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ትከሻ ታክኮ ንፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ከዚያ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ አድርጎ ጋሸና ላይ ወደ ላስታ ይገነጠላል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የንፋስ መውጫ ድርሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ምሳ ነው። ብርዱ ያስቸኩላል፣ ሾፌሩም ሳይመሽ መግባት ይፈልጋል፤ ከተማዋ ያለችበት ጋይንት በመስኮት ታይታ ትቀራለች። መንገደኛው የሚቸኩልለት የላሊበላ ገና ወይም የጎንደር ጥምቀት ግን ግማሽ ነገሩ ያለው አሁን በመስኮት ባለፈው ደጋ ላይ ነው። በበዓሉ ዕለት የሚሰማው ዜማ የሚታረመውና የሚመሰከርለት እዚህ ነውና። ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ቱሪዝም ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ የዚህ አገር ዋና ቅርስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጥበት ጉባኤ ቤቱ ነው፣ ዕቅድ የሚወጣም ከሆነ መነሻው ከዚያ ይሁን።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት መዝሙር የያዘው ትልቁ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ትውፊት ድርሰቱን ለ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። የሚዜመው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ነው። ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ቅናት፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚሰበር ያሳስባሉ። ሥርዓቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ይሁንና ምልክቱ ዜማውን ቀድሞ በጆሮው ለተቀበለ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልተማረ አይነበብም። ስለዚህ ድጓ ከመምህር አፍ ካልተወሰደ በቀር ከብራናው ላይ ብቻ አይገኝም፤ መምህሩ ሲሞት ያልወሰዱለት ነገር አብሮት ይቀበራል። የዜማው መንገድም አንድ ብቻ አይደለም። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ስልት እየተባለ ይለያል፤ ዛሬ በአብዛኛው አድባራት የሚሰማው የቤተልሔሙ ነው። ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ውስጥ ነው፣ ቆማ ፋሲለደስ እስቴ ውስጥ። የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤት፣ ማለትም ተማሪው ተፈትኖ የሚመሰከርለት ቦታ፣ የሆነው ዙር አምባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ልጅ በሆኑት በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም የሚመሰከረው ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ነው። አንድ ዞን ይህን ያህል የምስክር ወንበር ይዞ መገኘቱ በአገራችን ብዙ አቻ ያለው ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ ከብሪታንያ መጥቶ ቤተልሔም ደርሶ ነበር። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ሆኖ ሣር የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከክዳኑ ሥር ግን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሠሩት፣ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ተሸሽጎ ቆይቷል። ፓከናም ይህን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጻፈው፣ በውጭው ዓለምም እንደ ግኝት ተቆጠረለት። ድጓ ሊያስመሰክር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ በእግሩ እየመጣ በዚያው ደጀ ሰላም ለዓመታት ለኖረ ተማሪ ግን አዲስ ወሬ አልነበረም። ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ግድግዳውን ያየው በጥሩ ዓይን ነው። የምለው፣ ቤተልሔምን በአገር ውስጥ ያስጠራት ወንበሩ ሲሆን በውጭ ያስጠራት ሕንፃው ሆነ፤ የእኛም የቱሪዝም ጽሑፍ እስካሁን ያየው በእንግዳው ዓይን ነው። በብሮሹሩ ላይ የሕንፃው ዕድሜ ይጻፋል፣ የሥዕሉ ቀለም ይወደሳል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባሉት ጎጆዎች ውስጥ ሌሊት ቀለም የሚያጠናው ልጅ አይጠቀስም።

ያን ልጅ ማን እንደሚያኖረው ማወቅ ለክርክሬ አስፈላጊ ነው። ተማሪው ፊደልና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ ዜማ ቤት ይገባል፤ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ድጓውን በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉንም ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ በእጁ ይጽፍ ነበር። ይህ የወራት ጉዳይ አይደለም፣ ዓመታትን ይበላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው ከአካባቢው ገበሬ ደጅ ነው። እንግዲህ ይህ ገበሬ ማን ነው? ገብስና ድንች በብርድ የሚያበቅል፣ መሬቱ የተጎዳበት፣ ዝናብ በዘገየ ቁጥር እርዳታ የሚጠብቅ የጋይንት ሰው ነው። የአገሪቱን ትልቅ የዜማ ትምህርት ለዘመናት የቀለበው ከሁሉም ደሀ ከሚባሉት ወረዳዎች አንዱ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የገበሬው ጎተራ ሲጎድል የተማሪው አኮፋዳም ይጎድላል፤ ጉባኤ ቤትን የሚፈታው በቅድሚያ ረኀብ ነው። ይህ ሰንሰለት ካልገባን የቅርስ ጥበቃ የምንለው ነገር ለጣሪያ ቆርቆሮ ከመግዛት አያልፍም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፣ ጋይንት ደግሞ የፋሲል ግንብ የላትም። ግማሹ እውነት ነው። ግን ዓይን የሚያርፍበትማ ሞልቷል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ አናቱ ላይ ጓሳና ጅባራ ይበቅላል፣ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። የላይ ጋይንት ውኃ ከፊሉ ወደ ተከዜ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ስማዳ በበሽሎና በዓባይ ገደል ተከብባለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ አለ። ንጉሡ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት አድርገው፣ የጨጨሆን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በዘቢጥ ወደ ዋድላ ሜዳ ዘልቀው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ያዘገያቸው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል ነበር፣ 70 ኩንታል የሚገመት መድፍ። ለእሱ ሲባል ቋጥኝ ተፈልጦ፣ ገደል ተቆርጦ መንገድ ወጣ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ከአጠገባቸው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ተቀምጧል። ይህን መስመር በእግሩ የሚሄድ ሰው ጋሸና ላይ ከአስፋልቱ ተለይቶ ታሪኩን በጉልበቱ ይማረዋል። አንድ ነገር ግን እንዳይቀባባ፦ በጌምድር በእነዚያ ዓመታት በንጉሡ ጦር ክፉኛ ተዘርፏል፣ ደብረ ታቦርም ተቃጥሏል። አስጎብኚው የመድፉን ጀግንነት ብቻ አውርቶ የገበሬውን ጎተራ ዝም ካለ እንግዳው የሰማው ግማሽ ታሪክ ነው፤ እዚያም ላይ ገበሬው የከፈለው ዋጋ ነው ሳይነገር የሚቀረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ይመጣል፣ ክብደትም አለው። ጉባኤ ቤት የጸሎት ቦታ ነው፣ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ሲጎርፍበት ተማሪው ተዋናይ ይሆናል፣ ትምህርቱም ትርኢት ይባላል። ስጋቱ በሌላ አገርም ተነሥቶ ያውቃል። በደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ፣ ኩቲያታም የሚባል በሳንስክሪት የሚከወን ጥንታዊ ትያትር አለ፤ ለዘመናት የሚታየው በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ፣ የሚያውቁትም የተወሰኑ ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከባለሙያዎቹ አንዱ ከቅጥሩ ውጭ ሲጫወተው ቁጣ ተነሣ። በዚሁ አቆጣጠር በ1965 ኬረላ ካላማንዳላም የተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ሌላውም እንዲማረው በሩን ከፈተ፤ በ2001 ዩኔስኮ ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች መካከል ቆጠረው። ዛሬ ወደ ኬረላ ኮረብታ፣ ወደ ሻይ ተክሉና ወደ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣ መንገደኛ ማታ ማታ የአካባቢውን ባህላዊ ጥበብ ያያል። ከዚህ የምወስደው ግን «እኛም እንክፈት» የሚለውን አይደለም። የኩቲያታምን በር የከፈቱት በውስጡ ያደጉ ባለሙያዎች ናቸው፣ የሚወጣውንና የማይወጣውን የለዩትም እነሱ ናቸው። የእኛም ትምህርት በራሱ ልዩነት አለው፦ ቅዳሴና ማኅሌት አንድ ነገር ነው፣ የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪ የሚያቀኑበት ሰዓት ሌላ። መንደርተኛው ሁሉ አልፎ ሄዶ የሚሰማውን ይህን ሁለተኛውን፣ እንግዳ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ቢሰማው የሚረክስ ነገር የለም። ወሰኑን የሚያሰምሩት ግን የኔታና ሀገረ ስብከቱ እንጂ አስጎብኚ ድርጅት መሆን የለበትም።

በዓልን በተመለከተም የተረሳ ነገር አለ። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል በመንደሩ ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ይጮኻል፣ ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይታደላል፣ ሆያ ሆዬው ከደጅ ደጅ ይዞራል። በአብነት ትምህርት ቤት ግን የተማሪ በዓል ነው። ተማሪዎቹ እህል ለምነው፣ ጠላ አስጠምቀው፣ የለመኑትን ያህል ደግሰው መንደሩን ይጠራሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሰጠው ገበሬ በዚያ ቀን ተጋባዥ ነው። ከትልልቆቹ አደባባዮች ጥምቀት አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ በዓል ነው። ሆኖም አንድ ማኅበረሰብ ትምህርቱን እንዴት እንደሚያኖር በአንድ ማዕድ ላይ ተሰብስቦ የሚታይበት እንዲህ ያለ ቀን አላውቅም። በክረምት መዋሉ፣ ጭቃውና ጉሙ፣ እንግዳውን ይቀንሳል፤ ለእኔ ይህ ጉዳት አይመስለኝም።

«ዘመኑ የቴፕና የስልክ ነው፣ ዜማው ተቀርጾ ይቀመጥ፣ ተማሪው ለምን ይራባል?» የሚሉም አሉ። መቅረጹ መልካም ነው፣ በአስቸኳይም መሠራት አለበት፤ በተለይ ከቤተልሔሙ ያነሰ ተማሪ ያላቸው ስልቶች። ግን ቅጂ የሚይዘው አንድ መምህር አንድ ቀን ያለውን ነው። ምስክር ቤት ከዚያ የተለየ ሥራ አለው፦ ተማሪው ሲያዛባ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሲበቃ ሌላውን እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠዋል። የተቀረጸ ድምፅ ስሕተትህን አይሰማም። ሆቴል የለም ስለሚለው ተቃውሞም ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ንጹሕ አልጋና ትኩስ ምግብ ማሰናዳት ሌላ ቦታ የተሠራ ሥራ ነው፣ ገንዘብና ትጋት ካለ ንፋስ መውጫም አያቅትም።

ከባዱ ተቃውሞ ሰላም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀናት በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይፋ አድርጎታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ውጊያ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጉብኝት መጻፍ ያለ ቦታው መዝፈን ነው ቢባል ምላሼ አጭር ነው፦ ትክክል ነው፣ እንግዳ ዛሬ ይምጣ አልልም። ያልኩት ነገር አብዛኛው ግን እንግዳ አያስፈልገውም። የብራናዎቹ ዝርዝርና ፎቶግራፍ፣ የመምህራኑ የትምህርት ሐረግ፣ ድርቅ በገባበት ዓመት ለተማሪ የሚሆን ድርጎ፣ እነዚህ ሁሉ በሀገረ ስብከቱና ከእነዚሁ ወንበሮች ተመስክረው ወጥተው አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ባሉ አድባራት በሚያገለግሉ መሪጌቶች ሊጀመሩ ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ የሚኖሩትም በዚህ ደጋ በተማሩት ነው። መንገዱ ሲከፈትም ቅደም ተከተሉ ከወዲሁ የተወሰነ ይሁን፤ ከመግቢያ ክፍያው ስንቱ ለተማሪ ቀለብ፣ ስንቱ ለመምህር ደመወዝ፣ ስንቱ ለሕንፃው ጥገና እንደሚውል በአማርኛ ተጽፎ ደጀ ሰላሙ ላይ ይለጠፍ፤ ገበሬውም መጥቶ ያንብበው።