ጥቁሩ ፕላስቲክ ለምን ነጣ?

ከላቫጆ የወጣ መኪና ያምራል። ኮፈኑ ፊት ያሳያል፣ ጎማው ጠቁሯል። ዓይን ወደ ስፖኪዮው እግርና ከጎማው በላይ ወዳለው ጥቁር ቅስት ሲወርድ ግን ኖራ በነካው ጣት የተዳበሰ የሚመስል ነጭ ጭረት ይታያል። ዝናብም መደበኛ እጥበትም አያስለቅቀውም። ባለቤቱ ፀሐይ የበላው ይመስለዋል፤ እንዲህ ያለውን ጭረት የሚተወው ግን ብዙ ጊዜ መኪናውን ለማሳመር የተቀባው ሰም ነው።

የመኪናው ቆርቆሮ ቀለም አለው፤ በቀለሙም ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ሽፋን ተደርቦበታል። ሰምና ፖሊሽ የተሠሩት ለዚህ ለስላሳ ገጽ ነው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ራቁቱን ነው፤ ጥቁረቱ ከውስጡ የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ሚላን ውስጥ ጠንካራውን ዓይነት ሠራ፣ በፕላስቲክ ላይ ባደረገው ምርምርም በ1963 ከካርል ዚግለር ጋር ኖቤል ተሸለመ። ፕላስቲኩ እንዳይሰበር ጎማ መሰል ነገር፣ እንዲጠነክር የታልክ ዱቄት፣ በመጨረሻም ጥላሸት ይቀላቀልበታል። ጥላሸቱ ከመልክ ያለፈ ሥራ አለው፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጥለት እሱ ነው። ፕላስቲክ በመኪና አካል ላይ አዲስ አይደለም፤ በ1972 ሬኖ 5 የተባለው መኪና በፕላስቲክ ባምፐር ወጣ፤ በ1994 ብቅ ያለው የመጀመሪያው ራቭፎርም የታችኛውን ጎኑን ጠቆር ባለ፣ ቀለም ባልተቀባ ፕላስቲክ ሸፍኖ መጣ።

ይህን ፕላስቲክ በጣት ቢዳስሱት እንደ ቆዳ ሻካራ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ ጭረት እንዳይጎላበት፣ ብርሃንም እንዳያንጸባርቅ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ሻካራነት ላይ ነው። ሰም ሲቀባ በውስጡ ያለው ማሟሚያ ይተንናል፤ ሰሙና የፖሊሹ ደቃቅ ዱቄት ጎድጓዳው ውስጥ ይደርቃሉ። ጨርቅ ከጉብታው በላይ ስለሚያልፍ ከታች ያለውን አያገኘውም። ሰም ደግሞ ውሃ ስለሚገፋ ዝናብ አያጥበውም። ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ በትዕግሥት መፈግፈግ ብዙውን ያወጣዋል። ለቀረው የተማሪ ነጭ ላጲስ ይበቃል፤ ሰሙን ከጎድጓዳው እየጎተተ ያነሳዋል።

ፀሐይ ነፃ ናት ማለቴ አይደለም። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ነገር ግን ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ወደ ሰማይ በሚያየው ጎኑ ወጥ ሆኖ ይገረጣል። የሰም ነጭነት የእጅን መንገድ ይከተላል፤ ቀለሙና ፕላስቲኩ ከሚገናኙበት ዳር ጀምሮ ይወርዳል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በጨርቅ አርጥቦ ማሸት ነው። ወዲያው ያጠቁራል፤ ሰውም የዳነ ይመስለዋል። የሚሆነው ድንጋይ ሲረጥብ የሚሆነው ነው፤ ፈሳሹ ሻካራውን ገጽ ሞልቶ ብርሃኑ እንዳይበተን ያደርጋል። ሲተን ግራጫው ይመለሳል፤ እስከዚያ አቧራ ይለጠፍበታል። ፖሊፕሮፒሊን ራሱ ከነዳጅ የተሠራ ስለሆነ የነዳጅ ፈሳሽ ይመጠዋል፣ ያብጣልም። ከሱ የባሰው የበርና የመስኮት ጎማ ነው። ይህ ጎማ ዝናብና ፀሐይን ለዓመታት ይችላል፤ የነዳጅ ዘይት ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ቅርጹ የተበላሸ ጎማ ክረምት ላይ ውሃ፣ በጋ ላይ አቧራ ያስገባል። ሱቅ ውስጥ ከሚሸጡት ማጥቆሪያዎች ወተት የሚመስሉት ብዙውን ጊዜ መሠረታቸው ውሃ ስለሆነ ይሻላሉ። ነዳጅ ነዳጅ የሚሸቱትን አልገዛም። ፕላስቲኩን በእሳት ወይም በሙቅ አየር ማጥቆርም አለ፤ ላዩን አቅልጦ ለጊዜው ያጠቁረዋል፣ የተቃጠለው ገጽ ግን ወደነበረበት አይመለስም።

አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች መስኮት ዙሪያ ያለው ቀጭን ጥቁር ጌጥ ፕላስቲክ አይደለም፤ ኦክሳይድ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። ልባሱ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ይሳሳል። የሚችለውም የአሲድነት መለኪያው (ፒኤቹ) ከ4 እስከ 8.5 ገደማ የሆነ ፈሳሽ ነው። የቸርኬ ማጽጃ አሲድ ከዚህ በታች ነው፤ በውሃ የተበጠበጠ የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ 10 አካባቢ ይደርሳል። ፈሳሹ ፀሐይ በሚያሞቀው ብረት ላይ ሲቆይ የደረቀ ወተት የመሰለ እድፍ ይወጣል። ልባሱ ራሱ ተበልቷልና ላጲስም ብሩሽም አይመልሰውም፤ ጌጡን መቀየር ነው።

ላቫጆ ስገባ አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር እይዛለሁ። «ወንድሜ፣ ሰሙን ከመጀመርህ በፊት ይቺን ጥቁሩ ዳር ላይ ለጥፍልኝ፤ ለመስኮቱ ዙሪያ ደግሞ የመኪና ሻምፖ ብቻ።» አምስት ደቂቃ አይፈጅም።